ሰማንያ ናሙና

ፋብሪካው የመኪና ባትሪ ይሠራበት የነበረ ነው። ከተዘጋ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። አንድ ትልቅ አዳራሽ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ሁለት መጋዘን፣ ፎቅ ላይ አራት ቢሮ፣ በሩ አጠገብ ደግሞ አንዲት የዘበኛ ቤት አለው። ባለፈው ዓመት ሕንፃው ለአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሰጠ። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ታላቅ እህቴ ናት። ልጆች ከመግባታቸው በፊት ግቢውን መርምሮ ከመርዝ ነፃ ነው ወይስ አይደለም የሚለው የእኔ መሥሪያ ቤት ነው፤ ናሙና ሰብሳቢዋ ደግሞ እኔ።

ለአለቃዬ ገና ከጅምሩ ነግሬዋለሁ። "እህቴ ያለችበት ጉዳይ ነው፤ ሌላ ሰው ላክ" አልኩት።

"ሌላ ሰው ማን አለ?" አለኝ።

እውነቱን ነው። ለዚህ ሥራ የሠለጠንነው ሁለት ነን፤ አንዱ ወገቡን ታሞ ከተኛ ሁለት ወሩ ነበር። "እንዲያውም ቶሎ ትጨርሺላታለሽ" ብሎ ቅጹን ገፋ አደረገልኝ።

እህቴ ቸኩላ ነበር። ብትቸኩልም አይፈረድባትም። ያን ጊዜ የሚያስተምሩት በኪራይ ቤት፣ በስድስት ክፍል ውስጥ ነው። ስድስት መቶ አርባ ልጅ በሁለት ፈረቃ ይማራል። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ መምህራኑ ማስተማራቸውን ያቆማሉ፤ ልጆቹም ደብተራቸውን ጉያቸው ውስጥ ከተው ጠብታ ወደማይደርስበት ጥግ ይሰበሰባሉ። እህቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ አስተምራ ነው ርዕሰ መምህርት የሆነችው። እናታችን ስትሞት እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እስከ ዛሬ እትዬ ነው የምላት። እሷም እስከ ዛሬ ከዘጠኝ ዓመቴ አንድ ቀን ያለፈኝ አይመስላትም።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፋብሪካው በር ደረስኩ። የአዳራሹ ቁልፍ የለም። ዘበኛው "ኢንጂነሩ ጋ ነው" አሉ። ሕንፃውን የሚያድሰው ኮንትራክተር ኢንጂነር ስልኩን አነሳና "ዕቃ ግምጃ ቤቱ ጋ ነው" አለ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ ደግሞ "ለዘበኛው ሰጥቼያቸው ነው የሄድኩት" አለኝ። ዘበኛውን መልሼ ስጠይቃቸው ቀስ ብለው ኪሳቸውን ዳበሱና፣ "እሱማ የመጋዘኑ ነው" አሉኝ። አዳራሹ የተከፈተው እኩለ ቀን ላይ ነው።

ዘበኛውን ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ባትሪ ነው የሚላቸው። ፋብሪካው በሚሠራበት ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ሠርተዋል፤ ሲዘጋ ዘበኛ ሆነው ቀሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በሩ አጠገብ ባለችው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። አንዲት ዱካ አለቻቸው፤ በሄድኩበት ሁሉ ዱካዋን ይዘው ይመጡና ተቀምጠው ያዩኛል።

አዳራሹ ውስጥ ስገባ ሊሾው ፊት ያሳያል። ቀይ፣ የተወለወለ፣ አንዲት ጭረት እንኳ የሌለው ወለል። ቤቱ አዲስ ሲሚንቶና ቀለም ቀለም ይሸታል። አዳራሹን በግድግዳ ከፋፍለው ስምንት ክፍል አድርገውታል።

"ይሄ ወለል መቼ ነው የፈሰሰው?" አልኩት ቁልፍ ይዞ የመጣውን ኢንጂነር።

"ባለፈው ሳምንት አለቀ። እንዴት ነው፣ አያምርም?"

"ምርመራው ሳይደረግ ወለል ይፈሳል እንዴ?"

"እህቴ፣ እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጸዳል አይደል?" አለና ሣቀ። "ደግሞስ ለትምህርት ቤት እርሳስ ተገኘ ብለሽ ልትከሺን ነው?"

ቀልዱን ከዚያ በኋላ ከአምስት ሰው ሰምቼዋለሁ። እኔ የምፈልገው እርሳስ ግን የሚጻፍበት ሳይሆን ማዕድኑ ነው። ባትሪ ውስጥ የሚገባው ሳህን የሚሠራው ከእሱ ነው። ብናኙ አፈር ውስጥ ከገባ የትም አይሄድም፤ ሃምሳ ዓመትም ቢሆን እዚያው ይጠብቃል። ትልቅ ሰው ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ሕፃን ላይ ግን አእምሮን ነው የሚይዘው፤ ሆዱን እያመመው፣ ያለ ምክንያት እየተነጫነጨ፣ ትምህርት አልገባው የሚል ልጅ ያደርጋል። አስተማሪውም ሰነፍ ነው ይለዋል።

የተሰጠኝ መመሪያ የገጽ ናሙና ውሰጂ ስለሚል ወሰድኩ። በልክ በተቆረጠ ካሬ ውስጥ ወለሉንና የመስኮቱን ደፍ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግሁ፣ ጨርቁን በየብልቃጡ ከትቼ፣ ሃያ አራት ናሙና ይዤ ተመለስኩ። ውጤቱ በሁለተኛው ቀን መጣ፤ ሁሉም ንጹሕ። የሳምንት ዕድሜ ያለው ሲሚንቶ ጠርጌ ምን ላገኝ ኖሯል?

የዚያኑ ዕለት ማታ እህቴ ደወለች። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷታል። "አላልኩሽም!" አለች፤ ከሣቋ ብዛት ስልኩ ጆሮዬ ላይ ይንጫጫል።

"እትዬ፣ የመረመርኩት እኮ ፋብሪካውን አይደለም። የባለፈውን ሳምንት ሲሚንቶ ነው።"

"ታዲያ ልጆቹ የሚረግጡት ሲሚንቶውን አይደለም?"

"ሊሾ ይሰነጠቃል። ልጅ ደግሞ ስንጥቅ ካየ ጣቱን ሳይከት አያልፍም፤ ከዚያ ጣቱን ወደ አፉ..."

"አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ነገር ስታወሳስቢ ነው ያደግሽው" አለችና ዘጋችው።

በማግስቱ ወለሉን በስቼ ከሥር ያለውን አፈር መውሰድ አለብኝ ብዬ አመለከትኩ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የፈቃድ ደብዳቤ አምጪ ተባልኩ። የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ያለው ሰውዬ አንብቦ፣ "ርዕሱ ቁፋሮ ይላል፤ ቁፋሮ የሚመለከተው ሌላ ክፍል ነው" አለኝ። ቁፋሮ የሚለውን መብሳት በሚል ቀይሬ መጣሁ። ሁለተኛዋ ሴትዮ፣ "መብሳት የሚባል ሥራ ዝርዝራችን ውስጥ የለም" አለች። ናሙና መውሰድ ብዬ ቀየርኩት። ሦስተኛው ጠረጴዛ ደረስኩ፤ ደብዳቤው ተወደደልኝ፤ ማህተም ያዢው ግን ሥልጠና ላይ ነው። ማህተሙንም ይዞት ነው የሄደው። ደብዳቤዋ እጄ እስክትገባ አሥራ ሰባት ቀን ፈጀች። ቆሽቴ አረረ። በዚያ አሥራ ሰባት ቀን ውስጥ ኢንጂነሩ ግድግዳውን ሁለተኛ ዙር ቀብቶ፣ ጥቁር ሰሌዳዎቹን ሰቅሎ ጨርሷል።

መብሻዬን ይዤ ስገባ ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ። "በእኔ ሊሾ ላይ?" አለ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

"በትንሹ ነው የምበሳው፤ መልሼም እደፍነዋለሁ።"

"ጥርስ ተነቅሎ ይደፈናል እንዴ!" ብሎ ጥሎኝ ወጣ።

የመጀመሪያው ቀን መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። ሁለተኛው ቀን መብሻው ብረት ነክቶ ጫፉ ተሰበረ፤ ሌላ ለማስመጣት ግማሽ ቀን ሄደ። ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስድስተኛውን ቀዳዳ ስጨርስ ጉልበቴ አብጦ፣ ፀጉሬ በሲሚንቶ ዱቄት ነጥቶ ነበር። ጋሽ ባትሪ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው በየሰዓቱ፣ "ምነው ልጄ፣ ወርቅ ነው የምትፈልጊው?" ይሉኛል። ከየቀዳዳው የወጣው አፈር ቀይና ደረቅ ነው። በእጅ የያዝኳት መለኪያም ደህና ቁጥር ነው የምታሳየኝ። የፋብሪካው የድሮ ፕላን የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው ስላልተገኘ የምበሳው በግምት ነበር።

ሰባተኛውን ልጀምር ስል ጋሽ ባትሪ ከዱካቸው ብድግ አሉ።

"አንቺ ሴትዮ፣ እዚያ ጋ ምን አለ ብለሽ ነው? እዚያ እኮ የሰዓት መፈረሚያው ጠረጴዛ ነበር!"

"ታዲያ የት ልብሳ?" አልኳቸው፤ ድምፄ ከፍ ብሏል። "የሚያውቅ ሰው ካለ ለምን አይነግረኝም?"

ወደ በሩ ሄዱ። የሄዱ መስሎኝ መብሻውን ሳነሳ ተመለሱ። ከግድግዳው ጀምረው እርምጃቸውን እየቆጠሩ መጡና ከአዲሶቹ ክፍሎች በአንዱ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ቆመው በተረከዛቸው ሊሾውን መቱት።

"ማጠቢያው ገንዳ ከዚህ እስከዚያ ነበር። ሳህኑን የምናጥበው እዚህ ላይ ነው። ውሃው በዚህ ቦይ ይወርድና እዚህ ጉድጓድ ይገባል። ሲሞላ የሚመጥጠው የለም። አፈር እንደፋበትና ሌላ እንቆፍራለን።"

"ስንት ጉድጓድ ነው?"

"ሦስት።" ሦስቱንም ቦታ እየዞሩ አሳዩኝ።

"ጋሼ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ቁጭ ብለው እያዩኝ እንዴት ዝም ይሉኛል?"

"ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ዘበኝነቱ ያንተ ነው ብለውኛል" አሉ፤ እኔን ሳይሆን ወለሉን እያዩ። "ሥራዬም ቤቴም ያቺው በር ናት፤ ካልተከፈተ ሁለቱንም አጣለሁ። ዝም ልል ነበር። ግን የማይሆን ቦታ ሲበሳ ማየት አልቻልኩም። እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም፤ አናደድሽኝ።"

ባሳዩኝ ቦታ ሦስት ቀዳዳ በሳሁ። የወጣው አፈር ጥቁርና እጅ ላይ የሚጣበቅ፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ነው። መለኪያዋ ላይ ያየሁትን ቁጥር ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አብርቼ ነው ያመንኩት። ለማረጋገጥ ዘጠኙንም ወደ ላቦራቶሪ ላክኋቸው። ማሽኑ ተበላሽቶ ስለነበር ሌላ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። ወረቀቱ ሲመጣ ስድስቱ ቀዳዳዎች ደህና ናቸው። ገደቡ በአንድ ኪሎ አፈር ውስጥ አራት መቶ ሚሊግራም ነው፤ የጋሽ ባትሪ ሦስቱ ግን አሥራ አንድ ሺህ ሁለት መቶ፣ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ፣ ሦስት ሺህ አንድ መቶ።

አለቃዬ ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ከዚያ፣ "ዘጠኝ ናሙና ትንሽ ነው" አለ። "ከመላው ግቢ ተጨማሪ ሰብስቢ።"

እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። መርዙ እስከ የት እንደተዘረጋ ሊያውቅ የፈለገ መሰለኝ። ዝናቡ ገብቷል። አራት ቀን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ ሰባ አንድ ከረጢት ሞላሁ፤ ከአጥሩ ሥር፣ ከመንገዱ ዳር፣ ከመኪና ማቆሚያው፣ ለአበባ ተብሎ በገልባጭ ከመጣው አፈር ሳይቀር። ጣቶቼ ተሰነጣጥቀው ማታ ማታ ሳሙና ያቃጥለኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እህቴ ደወለች።

"ሦስት መቶ ሠላሳ ሁለት!" አለች።

"ምኑ?"

"እርሳስሽ ነዋ! ደብዳቤው ደረሰኝ። 'የግቢው አማካይ የእርሳስ መጠን ሦስት መቶ ሠላሳ ሁለት ሲሆን ከተፈቀደው በታች በመሆኑ' ይላል። ሰኞ ዕቃ ማጓጓዝ እጀምራለሁ። ምነው፣ ደስ አይልሽም?"

በኋላ እደውልልሻለሁ ብያት አለቃዬ ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ።

"እነዚያን ሦስት ጉድጓዶች ከአበባ አፈር ጋር ደመርካቸው?"

"ሁሉም የግቢው ናሙና ነው" አለ፤ ቀና እንኳ ሳይል። "ያዘዙን የግቢውን መጠን ነው። ሁሉም ቁጥር አባሪው ላይ ሰፍሯል።"

"አባሪው ተልኳል?"

"ከተጠየቀ ይላካል።"

"እኔ በዚህ ላይ አልፈርምም።"

"ያንቺ ፊርማ መቼ ተፈለገና? ናሙና ሰብሳቢ ነሽ። ሰብስበሻል፤ እናመሰግናለን።"

ከቢሮው በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ። ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ውሸት አለመሆኑ ነበር። ሒሳቡ ልክ ነው። ሰባ አንዱን ከረጢት የሞላሁት እኔ ነኝ። አራት ቀን ዝናብ የደበደበኝ ሦስቱን ጉድጓድ የሚያቀጥን አፈር ላመጣላቸው ኖሯል።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የመስክ ደብተሬን ይዤ እህቴ ጋ ሄድኩ። የመሥሪያ ቤት ደብተር ለውጭ ሰው ማሳየት እንደማይፈቀድ አውቃለሁ። ዝናቡ ያለቅጥ ይወርዳል። ቢሮዋ ውስጥ ሦስት ባልዲ ተደርድሮ እየተንጠባጠበበት፣ እሷ ጠረጴዛዋን ወደ ደረቁ በኩል እየገፋች ደረስኩ።

"አግዢኝ" አለችኝ። ገፋን። ከዚያ ዓይኔን አየችና፣ "ዛሬም ነገር ይዘሽ ነው የመጣሽው" አለች።

"ቁጥሮቹን አምጥቼልሻለሁ። ሰማንያውንም።"

"ቁጥሩን አይቻለሁ። ሦስት መቶ ሠላሳ..."

"እትዬ፣ አማካዩን ነው ያየሽው።"

ተቆጥታ መነፅሯን አደረገች። ደብተሩን ከእጄ ነጠቀችኝ ማለት ይቀላል። እስክሪብቶ ይዛ ከላይ ወደ ታች ወረደች፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። አንድ ገጽ አገላበጠች። ሌላ ገጽ። እስክሪብቶው ቆመ።

"ሃያ ሁለት፣ አሥራ ስምንት፣ ሠላሳ... እነዚህ ከየት የመጡ ናቸው?"

"የአበባ አፈር። ከሌላ ቦታ በገልባጭ የመጣ።"

"የአበባ አፈር ፋብሪካው ላይ ምን አገባው?"

"እኔም እሱን ነው የምልሽ።"

መነፅሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች።

"ይህቺን ጨዋታማ አውቃታለሁ" አለች። "በየዓመቱ የክፍል አማካይ ውጤት ላኪ እባላለሁ። ሰባ ልጅ ያለበት ክፍል ነው። ጎበዞቹ ዘጠና ምናምን ያመጣሉ፤ ሃያው ደግሞ ስሙን እንኳ አስተካክሎ አይጽፍም። አማካዩ ሃምሳ ሁለት ይመጣል። ክፍሉ አልፏል ብዬ እፈርማለሁ። ሃያዎቹ የት ደረሱ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።" ደብተሩን መለሰችልኝ። "ሦስቱ ጉድጓዶች የትኛው ክፍል ሥር ናቸው?"

የክፍሎቹን አቀማመጥ በእጄ ሥዬ ይዤ ነበር። ዘረጋሁላት። "ይሄ አንደኛ ክፍል ሀ። ይሄ አንደኛ ክፍል ለ። ሦስተኛው መተላለፊያው ላይ ነው።"

ትንንሾቹ። ስድስትና ሰባት ዓመት የሆናቸው፣ ወለል ላይ ካልተቀመጡ ትምህርት የማይመስላቸው።

የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እንደ እሳት ተንጨረጨረች። "ለምንድነው ታዲያ ቀድመሽ የማትነግሪኝ? ለወላጆቹ ተናግሬያለሁ! ለዚህ ቤት አከራይ እንለቃለን ብዬ ደብዳቤ ጽፌያለሁ! አሁን ምን ብዬ ነው ፊታቸው የምቆመው?"

"ነግሬሽ ነበር እኮ! ነገር ታወሳስቢያለሽ ብለሽ ስልክ ዘጋሽብኝ!"

"አጠንክረሽ አልነገርሽኝማ!"

"እትዬ!"

"ውጪልኝ እስኪ። ትንሽ ብቻዬን ልሁን።"

ወጣሁ። ጥላም አልያዝኩ። ቤቴ የደረስኩት በስብሼ ነው፤ እንባና ዝናብ ተቀላቅሎብኝ፣ በማን እንዳዘንኩ እንኳ ሳላውቅ።

በማግስቱ ጠዋት ግን እህቴ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፋ ለሚመለከታቸው ሁሉ በተነችው። አባሪው ይላክልኝ፤ ልጆች የሚቀመጡበት እያንዳንዱ ቦታ ለብቻው ከገደቡ በታች መሆኑን ሳላይ ሕንፃውን አልረከብም የሚል ነው። ቁጥሮቹን ከየት እንዳገኘች ለመገመት አለቃዬ ሩቅ አልሄደም። ከሰዓት በኋላ ከመስክ ሥራ አነሳኝ። ሦስት ሳምንት ዕቃ ቤት ቁጭ ብዬ ጊዜያቸው ያለፈ ብልቃጦችን ጊዜያቸው ካላለፈ ብልቃጦች ስለይ ዋልኩ።

ቅዳሜ ቀን የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። እህቴ "ነይ" ብላ ብቻ መልእክት ላከችብኝ። ሄድኩ። ከክፍሎቹ ሁሉ በሚሻለው ውስጥ ሰው ከመቀመጫው ተርፎ በመስኮት ያያል። ኢንጂነሩም በተተኮሰ ሸሚዝ መጥቷል። "እኔ በዚያ ወለል ላይ ልጄን አስቀምጣለሁ" ብሎ ተናገረ፤ ተጨበጨበለት። ልጁ የግል ትምህርት ቤት እንደሚማር በኋላ ነው የሰማሁት።

ስለ አፈሩ ላስረዳ ተነሳሁ። ገና ሳልጨርስ አንዲት እናት ብድግ አለች። "የኔ ልጅ በዚህ ቤት እርጥበት ደረቷን ታማ ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ተኝታለች። ይሄስ መርዝ አይደለም? እሱን ለምን አትለኪልኝም?"

ወረቀቴን አጥፌ ተቀመጥኩ።

"ፋብሪካው ውስጥ ዕድሜያቸውን የሠሩ ሰዎች አሉ አይደል?" አለ ከኋላ አንድ አባት። "እነሱ ምን ሆኑ?"

ሰው ሁሉ ዞሮ በሩ ላይ የቆሙትን ጋሽ ባትሪን አየ። እሳቸው መናገር አልፈለጉም ነበር። ሲያዩዋቸው ጊዜ ግን ኮፍያቸውን አወለቁ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ኮፍያውም አብሮ ይርገበገባል።

"ገንዳው ላይ የነበርነው ስድስት ነን" አሉ። "አምስቱ የሉም። በእርሳሱ ይሁን በዕድሜ እኔ አላውቅም፤ መርምሮን የሚያውቅ ሰው የለም። ጉድጓዱ የት እንዳለ ግን አውቃለሁ። ያሳየኋትም እኔ ነኝ።"

ከዚያ በኋላ ነገሩ የተዋጣ አይምሰላችሁ። ጩኸቱ ብሶበት ቀጠለ። ግማሹ እንግባ፣ ግማሹ አንገባም አለ፤ ሁለት አባቶች ተያይዘው ሊደባደቡ ሲሉ ገላጋይ ገባ። በመጨረሻ እህቴ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። "ስደቡኝ፤ መብታችሁ ነው። እኔ ግን ቁልፉን አልቀበልም። ልጆቹ አማካይ ላይ አይቀመጡም፤ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚቀመጡት" አለች። ሰው እያጉረመረመ ተበተነ። ያቺ እናት ሳታየኝ አለፈች።

ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ወለሉ ይፍረስ ብሎ እስኪወስን አምስት ወር ፈጀበት። የኪራዩ ቤት ተራዘመ፤ ልጆቹ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያው ቆርቆሮ ሥር ቆዩ። በዚህ መሃል ጋሽ ባትሪን ለምኜ፣ ተጣልቼ፣ እንደገና ለምኜ ደም አስመረመርኳቸው። ቁጥሩ ከፍተኛ ነበር። ሐኪሙ ከዚያ ግቢ ይውጡ አለ። እሳቸው ደግሞ "ወዴት?" አሉ። ወዴት እንደሆነ ሐኪሙም አያውቅም። እህቴ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አድርጋ ወሰደቻቸው፤ አንዲት የዕቃ ክፍልም አስለቅቃ ሰጠቻቸው። አሁን ባየችኝ ቁጥር የምትነግረኝ ስለ እሳቸው ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል ብለው በየቀኑ ይነዘንዟታል።

ሊሾው የፈረሰ ዕለት ኢንጂነሩ ዳር ቆሞ ያይ ነበር። "ሁለት ጊዜ ነበር ያስወለወልኩት" አለኝ። ትንሽ አሳዘነኝ። ቆፋሪዎቹ የአፍ መሸፈኛውን አገጫቸው ላይ ሰቅለው ነው የሚሠሩት፤ በየአሥር ደቂቃው እየጮህኩ አስለበስኳቸው። ወደ መስክ የመለሰኝ አለቃዬ ወድዶ አይደለም። እህቴ ናሙናውን የወሰደው ሰው ራሱ ያልፈረመበትን ወረቀት አልቀበልም ብላ ስለጻፈች ነው። ቦርሳዬን ሲሰጠኝ ፊቴን አላየኝም።

ጥቁሩ አፈር ተጭኖ ከሄደ በኋላ ከጉድጓዶቹ ሥርና ዳር ዳር ዘጠኝ ናሙና ወሰድኩ። ትናንት ውጤቱ መጣ። ሰባቱ ንጹሕ ናቸው። ሁለቱ፣ ቦዩ በግድግዳው ሥር በሚያልፍበት በኩል ያሉት፣ ዘጠኝ መቶ አሥርና ስድስት መቶ አርባ።

ወረቀቱን ይዤ የፈረሰው ወለል ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ግድግዳው መደገፍ አለበት፤ ሥሩ መቆፈር አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤው ሦስት ጠረጴዛ አለው። ለእህቴ ደወልኩ። ከጀርባዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

"ስንት?" አለች፤ ሰላምታም የለ።

ነገርኳት። ሁለቱንም ቁጥር ለየብቻው።

ልትጮህብኝ ነው ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁ። አልጮኸችም። ረጅም ትንፋሽ አወጣች።

"ይቆፈራላ" አለች። "ደብዳቤውን ዛሬ እጽፋለሁ። አንቺ ምሳ በልተሻል?"

"አልበላሁም።"

"ብዪ" አለችና፣ አንድ ልጅ ከደረጃው እንዲወርድ ተቆጥታ ስልኩን ዘጋችው።

ቆፋሪዎቹ እንዳይሄዱ ልነግራቸው ወደ ግቢው ወጣሁ። ዕቃቸውን ጭነው መኪናው ላይ እየወጡ ነበር። "ቆዩ፤ ግድግዳው ሥር ገና ቀርቷል!" ብዬ ጠራኋቸው።